አውራው ለጫጩቶቹ ገር፣ ለሰው ግን ክፉ ሆነ፤ ምን ይሻላል?

ቀይ ቄብ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሁኔታውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንድ የ10 ወር አውራ ከ7 ሴት ዶሮዎች ጋር አለ። አንዷ ታቅፋ 9 ጫጩት ፈልፍላለች፤ ዛሬ 8 ቀናቸው ነው። አውራው ጫጩቶቹን ሲነካ አልታየም፤ እንዲያውም ትል ሲያገኝ እየጠራ ይተውላቸዋል። ሰው ላይ ግን ክፉ ሆኗል። ከ3 ሳምንት ወዲህ መኖ ይዞ የገባ ሰው ላይ ዘሎ ሁለት እግሩን ያሳርፋል። ከእግሩ ጀርባ ያለው እሾህ ገና 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጫጩቶቹን ለመጠበቅ ብሎ ይመስለኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ጫጩቶቹን ከእሱ መለየት ያስፈልጋል? ሰው መምታቱስ ይታረማል? ደግሞ ያለ እናት በአምፖል ሙቀት ያደጉ 12 የ5 ሳምንት ጫጩቶች አሉ፤ ከነዚህ ጋር መቼና እንዴት ይቀላቀሉ?

ገብስማ፦

በመጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። እንቁላል 21 ቀን ይታቀፋል። ጫጩቶቹ 8 ቀናቸው ከሆነ ዶሮዋ የተቀመጠችው ከ29 ቀን በፊት ነው። አውራው ሰው መምታት የጀመረው ደግሞ ከ21 ቀን በፊት። ያኔ ከአውራው ጋር የሚውል አንድም ጫጩት አልነበረም። ስለዚህ «ጫጩት ለመጠበቅ ነው» የሚለው ሒሳቡ አይገጥምም። አውራው 10 ወሩ ነው፤ ጉልበቱም ሆርሞኑም የሚገነፍልበት ዕድሜ። ከ5ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይፈትሻል። ከሴቶቹ ጋር የጨረሰውን ፈተና አሁን ወደ ሰው አዙሮታል። ጫጩቶቹ ነገሩን ያባብሱት ይሆናል እንጂ አላመጡትም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አውራ ለጫጩት ያለው ጠባይና ለሰው ያለው ጠባይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጫጩት የሚያበላው አውራ ሰው ሊያደማ ይችላል፤ ሰው ሲያይ የሚሸሸው ፈሪ ደግሞ እንግዳ ጫጩት ነክሶ ሊጥል ይችላል። አንዱን አይቶ በሌላው ላይ መፍረድ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ጫጩት በአውራ ዓይን ተፎካካሪም አይደለችም፣ የምትሰረር ዶሮም አይደለችም። አናቷ ላይ ቀይ ሥጋ የለም፣ እንደ አውራ አትጮኽም፣ አንገቷን አታሰግግም። ስለዚህ አብዛኛው አውራ ችላ ብሏት ያልፋል። ጥሩው ደግሞ ያበላታል። ሲያበላ እንዴት እንደሚያደርግ ልብ ይበሉ፦ ጥሬዋን በመንቁሩ ያነሣል፣ ይጥላታል፣ እንደገና ያነሣታል፣ አንገቱን ቶሎ ቶሎ ዝቅ ከፍ እያደረገ «ቱክ ቱክ ቱክ» ይላል፤ ራሱ ግን አይውጣትም። ጭላት ሰማይ ላይ ሲያይ አንድ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ጫጩቶቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይሸጎጣሉ። ድመት በምድር ስትመጣ ድምፁ ሌላ ነው፤ የተቆራረጠ «ካክ ካክ ካካክ»፤ ያን ጊዜ ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። እነዚህን ሦስቱን የሚያደርግ አውራ ከጫጩቶቹ መነጠል የለበትም። ጠባቂያቸውን ነው የሚነጥሉባቸው።

መቼ ይነጠል? መኖ ላይ የተጋፋችውን ጫጩት አንድ ጊዜ በመንቁሩ ጠቅ አድርጎ ዞር ካለ ተግሣጽ ነው፤ እናቲቱም ታደርገዋለች። ሸሽታ ሳለች ተከትሎ ከያዛት፣ አንሥቶ ካራገፋት ወይም ደጋግሞ አናቷን ከነቆረ ግን ያን ቀን ሳያድር መለየት ነው። እንዲህ ያለው አውራ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም።

እንዲያውም የ8 ቀን ጫጩት ላይ አውራውን ሳይሆን ሌሎቹን 6 ዶሮዎች ይከታተሉ። ጫጩት ነቁሮ የሚገድል ካለ ብዙውን ጊዜ ያልታቀፈች ዶሮ ናት፤ በተለይ ቤቱ ጠባብ ሲሆንና መመገቢያው አንድ ብቻ ሲሆን። ከዚያ ቀጥሎ ውኃ ነው። መጠጫው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ጠጠር ይሞላበት፤ የረጠበች ጫጩት ባትሰምጥም በብርድ ታልቃለች።

ሦስተኛው ገዳይ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥረውም፤ መኖው ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። ጫጩት የሚበቃት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የተረፈው ኩላሊቷን ያበላሻል። አውራውም ቢሆን እንቁላል ስለማይጥል ያን ያህል ካልሲየም አይፈልግም። መላው መንጋ አብሮ የሚውል ከሆነ ለሁሉም የጫጩት ወይም የታዳጊ መኖ ያቅርቡና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሌላ ዕቃ ያስቀምጡ፤ የምትጥለዋ ራሷ መርጣ ትለቅማለች። ለጫጩቶቹ ብቻ የሚሆን መብያም ያስፈልጋል። ዙሪያውን በሽቦ ወይም በእንጨት አጥረው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉለት፤ ትንንሾቹ ይሾልካሉ፣ ትልልቆቹ ውጭ ይቀራሉ።

ወሰራ፦

ለአውራው ያን ያህል ትንታኔ አያስፈልገውም። ሁለት እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ አንድ አምስት ደቂቃ ማንጠልጠል ነው። ካልሆነ በጫማ አንዴ ማቅመስ። ሁለተኛ አይሞክራትም።

ዛጎልማ፦

ወሰራ ወንድሜ፣ ሁለቱም አያዋጡም፤ ምክንያታቸው ደግሞ የተለያየ ነው።

ዶሮ እንደ እኛ ደረትና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም። አየር የምታስገባውና የምታስወጣው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ ተንሸራቶ የአየር ከረጢቶቿ ላይ ይጫናል። ተንጠልጥሎ ዝም ያለ አውራ «ገባው» ይባላል፤ የገባው ነገር የለም፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ከባድ አውራ ከሆነ የጭኑ መጋጠሚያም ሊወልቅ ይችላል። እርግጫው ደግሞ በአውራ ቋንቋ «ና እንጋጠም» ማለት ነው። አውራ ከአውራ የሚዋጋው በእግሩ ነው፤ በእግሩ የመታውን እንደ አውራ ይቆጥረዋል። ተመትቶ ቢሸሽ እንኳ ሌላ ቀን ከኋላ ይመጣል። ሮጦ ማምለጥም ያው ነው፤ ሮጦ ያመለጠ ሰው ለእሱ የተሸነፈ አውራ ነው።

ቀይ ቄብ፣ የሚሠራው ከመምታቱ በፊት ነቅቶ መያዝ ነው። አውራ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይዘልም፤ ማስጠንቀቂያው ግን ሦስት አራት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ያልለመደ ዓይን ያልፈዋል። መጀመሪያ ባለበት ይቆምና ጎኑን ይሰጥሻል፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያይሽ። ከዚያ በአንቺ በኩል ያለውን ክንፉን ይጥልና የክንፉን ጫፍ በእግሩ እየቧጨረ፣ እሽኮለሌ እንደሚል ሰው በጎን በጎን ይቀርባል። አንዳንዴ አጎንብሶ መሬት ይነቁራል። እዚህ ላይ መንቁሩን እይ፦ መሬት ይነካል እንጂ ምንም አያነሣም። የውሸት ለቀማ ነው። ቀጥሎ የአንገቱ ላባ እንደ ዣንጥላ ይከፈታል፣ ራሱ ከትከሻው በታች ይወርዳል፣ ከዚያ እግሩ ከመሬት ይነሣል። ክንፍ የጣለ ጊዜ ገና ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ ላባው ከተከፈተ በኋላ መከላከል ብቻ ነው የሚቀረው።

ክንፉን ሲጥል ወደ ኋላ አትበዪ። ቀጥ ብለሽ ወደ እሱ ሁለት ሦስት እርምጃ በዝግታ ተራመጂ፤ እጅሽን አታወናጭፊ፣ አትጩኺበት። ዓላማው ቦታውን እንዲለቅ ማድረግ ብቻ ነው። ዞር ብሎ ከሄደ ወይም አንገቱን ዝቅ አድርጎ የእውነት መልቀም ከጀመረ እዚያው አቁሚ፤ አታሳድጂው። ወደ 1.5 ሜትር የሚሆን ቀጭን ዱላ ብትይዢ እጅሽ ይረዝማል፤ መንገዱን ለመዝጋት እንጂ ለመምታት አይደለም። ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማና ወፍራም ሱሪ ደግሞ የግድ ነው፤ ደፍረሽ የምትቆሚው እግርሽ እንደማይጎዳ ስታውቂ ነው።

ከዘለለ ያዢው። በሁለት እጅሽ ከላይ ክንፎቹን ከጎኑ ጋር አጣብቂ፣ ከዚያ አንድ እጅሽን ወደ ታች አውርደሽ ጣትሽን በሁለቱ እግሮቹ መሀል አስገብተሽ እግሮቹን ያዢ። ደረቱ ክንድሽ ላይ ይረፍ፣ ክንፉ በብብትሽ ይያዝ፤ ራሱ ወደ ኋላሽ ይዙር፣ ፊትሽን እንዳይነቁር። ደረቱን አታጥብቂ፣ ቅድም ባልኩት በአተነፋፈሱ ምክንያት። እንዲህ አድርገሽ በሴቶቹ መሀል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዘዋወሪ። ቁም ነገሩ የምትለቂበት ጊዜ ነው፦ እየተፈራገጠ ሳለ ከለቀቅሽው መፈራገጥ እንደሚያስለቅቅ ተማረ። አንገቱ ሲላላ፣ ዓይኑ መክደን መክፈት ሲጀምር መሬት ላይ አድርጊው፣ እጅሽን ጀርባው ላይ ጥቂት አቆይተሽ ከዚያ ልቀቂ።

ይህን በየቀኑ፣ ግቢው ውስጥ የሚገባ አዋቂ ሁሉ ማድረግ አለበት። አንቺን ብቻ ቢያከብር ለሌላው ሰው አይሠራም፤ አውራ ሰውን በመልክ ይለያል። ሦስት አራት ሳምንት ሙሉ ተሠርቶበት በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚዘል ከሆነ አይታረምም።

ቀይ ቄብ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ወሰራንም ቢሆን። ቀኑን ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት፣ ልክ ናችሁ። ያልጠቀስኳቸው ነገሮች አሉ። አውራው ከጫጩትነቱ ጀምሮ ከእጅ ላይ እየለቀመ ነው ያደገው፤ ትከሻ ላይ ሁሉ ይወጣ ነበር። የሚመታው ደግሞ ሰው ሲገባ ሳይሆን መኖው ፈስሶ ጀርባ ሲሰጠው ነው። ቀይ ባልዲ ሲያይ ይብስበታል። ቤት ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ አለች፤ ጫጩት ማንሣት ትወዳለች።

ገብስማ፦

እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ከመጀመሪያው ጥያቄ ይበልጣሉ።

ከእጅ የጎረሰ ሴት ጫጩት ለማዳ ትሆናለች፤ ከእጅ የጎረሰ ወንድ ጫጩት ግን ሰውን መፍራት ይረሳና ከራሱ ወገን ይቆጥረዋል። ወገን ከሆነ ደግሞ 5 ወር ሲሞላው እንደ ወገን ይጋጠመዋል። ትከሻ ላይ መውጣቱ ፍቅር ይመስላል፤ ከፍ ያለ ቦታ መያዝ ግን ለዶሮ የበላይነት ነው፤ ቆጥ ላይም ማታ የሚሻሙት ለዚሁ ነው። ወንድ ጫጩትን ማባረርም ማባበልም አያስፈልግም። መኖውን ዕቃ ውስጥ ጨምሮ፣ ሰው ሲያልፍ ዞር እንዲል አድርጎ ማሳደግ ነው። አሁን ካሉት 21 ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆኑ ይህ ነገ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ጀርባ ሲያይ መምታቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ፊትን ይፈራል፤ ዙሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ለእሱ የሸሸ ነው። ሁለተኛ፣ ባዶው ባልዲ ሲወዛወዝ እንደ ክንፍ ያየዋል። ቀለሙን በተመለከተ ዶሮ ቀለም አሳምራ ታያለች፤ ነገር ግን ቀይ ስለሆነ ብቻ ተቆጣ ከማለት በፊት ይፈትኑት። ለሦስት ቀን በሌላ ቀለም ዕቃ መኖ ይግባ፣ ለሦስት ቀን ደግሞ ቀዩ ባልዲ ሳይወዛወዝ በደረት ታቅፎ ይግባ። የትኛው ላይ እንደሚቀዘቅዝ ያያሉ። እስከዚያው ሲወጡ ጀርባዎን አይስጡት፤ በጎን እየሄዱ በዓይንዎ ጥግ ይከታተሉት። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው መመገቢያውን አጥሩ ሥር አስጠግቶ ከውጭ መሙላት ነው፤ ያን ጊዜ ግማሹ ጠብ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በድንገት የከፋ አውራ ሁልጊዜ ጠባዩ አይደለም የሚከፋው። ማታ ቆጥ ላይ ሳለ በባትሪ ይመርመሩት፤ በጨለማ ዶሮ እምብዛም ስለማታይ ይረጋጋል። የአንድ ዓይኑ ብርሃን ደክሞ ከሆነ ከዚያ ጎን የመጣን ሁሉ ይመታል። ፊንጢጣው ዙሪያ ያለውን ላባ ገለጥ አድርገው ተባይ ካለ ይዩ፤ የቆጡን ስንጥቅም በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ ተባይ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ አውራ ይነጫነጫል። መዳፉ ሥር ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ካለም ያማል። መስታወት ወይም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ በግቢው ውስጥ ካለ ይነሣ፤ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጥላ ጋር ሲጋጠም ውሎ የተረፈውን ቁጣ ሰው ላይ ይጨርሰዋል።

የሴቶቹ ቁጥርም ይታይ። አንዷ ጫጩት ይዛ ስለተለየች ስድስት ቀርተዋል። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ጥሩ ነው፣ ቀላል ዝርያ ከሆነ እስከ 12። ከዚያ ሲያንስ በየሰዓቱ እነዚያኑ ይሰርራል፤ የጀርባቸው ላባ ይመለጣል። ጀርባቸውን ይዩ፤ ቆዳው ከታየ የጀርባ ጨርቅ ይሰፋላቸው ወይም አውራው በቀን ጥቂት ሰዓት ይለይ።

ወሰራ፦

እሺ፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠሉን ተውኩት፤ ትንፋሹን አላሰብኩበትም። ስለ ልጅቷ ግን ማንም ቆርጦ አልተናገረም፣ እኔ ልናገር።

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅ ባለችበት ግቢ የማረም ሙከራ አይካሄድም። አውራ ሲዘል የሚደርሰው ከአዋቂ ጉልበትና ጭን ላይ ነው፤ ልጅ ጫጩት ለማንሣት ጎንበስ ስትል ያ ከፍታ ፊቷ ነው። እሾሁ 1 ሴንቲ ሜትር ነው ብለሽ አትናቂው፤ ዓይን ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው። ጫጩት ስታነሣ ደግሞ ጫጩቷ ከፍ ባለ ድምፅ ትጮኻለች፤ ያ ጩኸት እናቲቱንም አውራውንም አንድ ላይ ይጠራቸዋል። ገር የሆነ አውራ እንኳ ያን ጩኸት ሰምቶ ዝም አይልም። ስለዚህ አውራው በሽቦ የታጠረ የራሱ ቦታ ይኑረው፣ በሩ ልጅ የማትከፍተው መቀርቀሪያ ይደረግለት፣ ልጅቷ ወደ ግቢው የምትገባው እሱ እዚያ ሲዘጋ ብቻ ይሁን። ጫጩት መያዝ ካለባትም ቁጭ ብላ፣ ጭኗ ላይ፣ ከዶሮዎቹ ዓይን ርቃ፤ ከዚያ እጅ በሳሙና መታጠብ ነው፤ ዶሮ ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ትይዛለች። ይህን ማድረግ ካልተቻለ አውራው ከግቢው ይውጣ። ሴቶቹ ያለ አውራም እንቁላል ይጥላሉ፤ የማይፈለፈል ይሆናል እንጂ።

እሾሁን በተመለከተ፦ ውስጡ አጥንትና ደም ሥር አለው፣ ውጪው እንደ ጥፍር ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መቁረጥ የለም፤ ጫፉን በሞረድ አድበልብሎ መተው ነው። እየሞረዱ ሳለ መሀሉ ላይ ሮዝ ነጥብ ከታየ ወዲያው ይቁም። ከደማ የበቆሎ ዱቄት ጠቅጥቆ ሁለት ሦስት ደቂቃ መያዝ። በየሁለት ሦስት ወሩ ይደገማል፣ ስለሚያድግ። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ጠባዩን አይቀይርም።

ሰው ከወጋ ደግሞ ቀዳዳው ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ከላይ ቶሎ ይገጥማል፣ ቆሻሻው ውስጥ ይቀራል። በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ 5 ደቂቃ ይታጠብ፣ በፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ አይታሸግ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተወሰደ 5 ዓመት ካለፈ ሐኪም ጋር ይኬድ። ዓይን፣ የጣት መጋጠሚያ ወይም የሕፃን ፊት ከሆነ ክትባቱ ትናንት ቢሆንም ይኬድ።

ዛጎልማ፦

ልጅቷን በተመለከተ ወሰራ ያለው ላይ አንድ ቃል አልጨምርም። እኔ የማርሚያውን ዝርዝር ስጽፍ ልጅ መኖሯን አላወቅኩም ነበር።

የቀረው የ12ቱ ጥያቄ ነው። ለእነዚህ ትልቁ ሥጋት አውራው አይደለም፣ የ8 ቀን ጫጩት የያዘችው እናት ናት። የሌላ ጫጩት ወደ ልጆቿ ሲጠጋ ራሱን ነቁራ ቆዳውን ትገፍፈዋለች። ስለዚህ አሁን አትቀላቅያቸው። ያለ እናት ያደገ ጫጩት ደግሞ ስትገሥጸው ማጎንበስና መሸሽ አላየም፤ ባለበት ቆሞ ያያታል።

6 ሳምንት ሲሞላቸው ላባቸው ይሞላል፤ አየሩ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ አምፖሉ ይነሣል። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ በሽቦ ወንፊት የታጠረ ቦታ አዘጋጂላቸው፤ ይተያዩ እንጂ አይነካኩ። ወንፊቱ ራስ የማያሾልክ ይሁን፤ ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አንገቱን አስገብቶ የሚነቆር አይጠፋም። እዚያ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ትልልቆቹ መጀመሪያ በሽቦው ዳር ይመላለሳሉ፣ ይንጠራራሉ፤ አንድ ሳምንት ሲያልፍ ሽቦው ሥር ተኝተው አፈር ሲታጠቡ ካየሽ ነገሩ በርዷል።

8 ሳምንት ገደማ፣ እናቲቱ የራሷን ጫጩቶች ትታ ቆጥ ላይ ማደር ስትጀምር በሩን ክፈቺ። ዶሮ ልጆቿን የምትተወው ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ነው፤ የአንቺዋ ገና ስለሆነች 12ቱ ምናልባት 10 ወይም 12 ሳምንት ድረስ ሊጠብቁ ይችላሉ። መጠበቁ አይጎዳም። ስትከፍቺ መንጋው ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ሲለቅም ይሁን፤ ጠባቡ ቤት ውስጥ አይደለም። ሁለት መመገቢያ፣ ሁለት መጠጫ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሜትር። ከግድግዳ ጋር የተደገፈ ጣውላ፣ የተገለበጠ ሣጥን፣ የቅርንጫፍ ክምር ይኑር፤ ሣጥኑ መግቢያም መውጫም ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ወጥመድ ነው። ማታ ተደብቆ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ የሚባለው ዘዴ ሽቦውን ሳያልፉ ከተደረገ ጠዋት ላይ ደም ነው የሚታየው።

አውራው በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥቅም አለው። ሁለት ዶሮ ሲጋጠሙ መሀል ገብቶ ይቆማል። የሚያሠጋው በኋላ ነው። 12ኛው ሳምንት ሲያልፍ ወንዶቹ አናታቸው ይቀላል፣ ተሰባብሮም ቢሆን መጮህ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ከ«ጫጩት» ወደ «ተፎካካሪ» ይሻገሩና ማሳደድ ይጀምራል። ሴቶቹን ደግሞ ሳይደርሱ ሊሰርር ይሞክራል። ቄብ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሳይሞላት አጎንብሳ አትጠብቅም፤ ትሸሻለች፣ እሱ ላባዋን ይዞ ይጎትታል፣ ጎኗን ይቀደዋል። እጅሽን ጀርባዋ ላይ ስታስቀምጪ ክንፏን ገለጥ አድርጋ ካጎነበሰች ደርሳለች። እስከዚያ ድረስ እሱን ባይለቁባት ይሻላል።

ቦታውንም አስቢ። ቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ትልልቅ ዶሮ፣ ቆጥ ላይ ለአንዷ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር። 8 ነበሩ፣ 21 ሲጨመር 29 ይሆናሉ። ከ7 ካሬ ሜትር ያነሰ ቤት ካለሽ ስለ ማንም ጠባይ አናውራ፤ ሁሉም ይከፋል።

ቀይ ቄብ፦

ቤቱ 4 ካሬ ሜትር ነው። ወንዶቹን በ12 ሳምንት ለይቼ ማስወጣት እንዳለብኝ ገባኝ። አውራውም ዛሬ ተለይቶ ታጥሯል፤ ልጅቷ ስላለች በሚቀጥለው ሳምንት ከግቢው ይወጣል፣ በሌላ ይተካል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አዲሱ አውራ እንደገባ የሚጣለው እንቁላል ቢታቀፍ የማን ልጅ ይሆናል? የዚህኛው ጠባይ ይወረሳል ማለት ነው?

ገብስማ፦

ጠባዩ በከፊል ይወረሳል፤ ከእሱ ዘር ማስፈልፈል ባይደጋገም ጥሩ ነው። የእንቁላሉ ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። ሴት ዶሮ የአውራን ዘር በማኅፀኗ ቧንቧ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ታቆያለች። አውራው ዛሬ ቢወጣ እስከዚያ ድረስ የምትጥለው እንቁላል አሁንም የእሱ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ከገባ በኋላም የሁለቱ ይደባለቃል። ስለዚህ አሮጌው ከሴቶቹ ከተለየበት ቀን አንሥተው 4 ሳምንት ይቁጠሩ፤ የዚያን ጊዜ እንቁላል ብሉት። ከዚያ በኋላ የሚጣለውን ለማስታቀፍ ያስቀምጡ። ዛሬ ስለታጠረ ቀኑ ዛሬ ነው፣ የሚወጣበት ሳምንት አይደለም።

አዲሱ አውራ እንደመጣ ከመንጋው ጋር አይቀላቀል፤ በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ርቆ ይቆይ። ይህ ከ4 ሳምንቱ ቆጠራ ጋር አንድ ላይ ስለሚያልቅ ጊዜ አይባክንም። ሲመርጡ ዓመት ያለፈውን፣ ባለቤቱ መሀሉ ሲመላለስ ቦታ የሚለቀውን ይውሰዱ፤ ገና 4 ወር የሆነው ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

አሁን ያሉት 9 ጫጩቶች የዚህ አውራ ልጆች ስለሆኑ ከ12ቱ ጋር ሲቀላቀሉ እንዳይጠፉ እግራቸው ላይ ቀለበት ይደረግላቸው። ፕላስቲኩ ቀለበት ግን በየሳምንቱ ይታይ። ቀለበቱ እግሩ ላይ እንደ ልብ የማይዞር ከሆነ በትልቅ ይቀየር፤ ለአንድ ወር ከተረሳ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ያኔ በመቀስ እንኳ ማውጣት ይከብዳል።